ባዶ የመሰለው ገበያ፦ የአማርኛ ቁልፍ ቃል ውድድር ታሪክና የሲሪንቃ ምሳሌ

ለድረ ገጽ የሚሆን ጠባብ ገበያ የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ይመዝናል። ሰዎች ጉዳዩን የሚፈልጉት በየትኛው ቃል ነው? በዚያ ቃል ላይ ቀድሞ የተቀመጠው ማን ነው? ፈላጊውስ በስተመጨረሻ ገንዘብ የሚያወጣበት ጉዳይ ነው ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ የቁልፍ ቃል ውድድር ምዘና ይባላል። ሙያው በእንግሊዝኛ ከተጀመረ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ ቀመር፣ የራሱ ደላላም አበጅቷል። በእንግሊዝኛ መዛኙን የሚያስቸግረው የተፎካካሪው ብዛት ነው። በአማርኛ የሚያስቸግረው ግን የባዶነቱን ምክንያት ማወቅ ነው፤ አንድ ቃል ተፎካካሪ ያጣው ለምን እንደሆነ ካልታወቀ ምዘናው ከንቱ ይሆናል። ይህ ምክንያት ደግሞ በየዘመኑ ተቀያይሯል።

ሲሪንቃ ባለችበት በወሎ ለሚነግድ ሰው ምዘናው እንግዳ አይደለም። ጎረቤታም ገበያዎች ቀን ተከፋፍለው ይቆማሉ። ባቲ ሰኞ ሰኞ ሲቆም ከደጋ እህል ይዞ የወረደው ከአፋር ቆላ ግመልና ከብት ነድቶ ከወጣው ጋር ይገናኛል። እህል ነጋዴው አህያውን ከመጫኑ በፊት ባለፈው ሳምንት ምን ያህል ጭነት እንደገባ ከተመላሾች ይጠይቃል፤ ገበያው ከጠገበ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። በድረ ገጽ ገበያ ተፎካካሪው በዓይን አይታይም፣ ተመላሽም የለም። የገዢው ድምፅ የሚሰማው በፍለጋ ሳጥን ውስጥ በሚጽፋቸው ሁለት ሦስት ቃላት ብቻ ነው። ቃል መቁጠር የተጀመረው ለዚህ ነው።

ቃል በጨረታ የሚሸጥ ዕቃ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በዚያ ዓመት ቢል ግሮስ በካሊፎርኒያ የጀመረው ጎቱ የተባለ መፈለጊያ፣ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ማስታወቂያ አስነጋሪዎችን አጫረተ፤ ለአንድ ጠቅታ የበለጠ የከፈለ ከላይ ይወጣል። ኩባንያው ኋላ ኦቨርቹር ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2003 በያሁ ተገዛ። ጉግል አድወርድስ የተባለውን ማስታወቂያውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ጨረታው ሳይታሰብ አንድ ነገር ገለጠ፤ የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደሚፈለግና ስንት እንደሚያወጣ በቁጥር ታየ። ዎርድትራከርን የመሰሉ መሣሪያዎችም ቁጥሩን ለማንም ከፋይ ያቀርቡ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሱማንትራ ሮይ ያወጣው ቀመር በመዛኞች ዘንድ ገነነ። ቀመሩ ቀላል ነው፤ የፍለጋውን ብዛት በራሱ አባዝቶ ቃሉን ለያዙት ገጾች ብዛት ማካፈል። ውጤቱ ከፍ ካለ ቃሉ ለመግባት የተመቸ ነው ተብሎ ይወሰድ ነበር። ስሌቱ ሲፈተሽ ግን ድክመቱ ወዲያው ይታያል። 100 ጊዜ ተፈልጎ 1,000 ገጽ ያለው ቃል 10 ነጥብ ያገኛል፤ 1,000 ጊዜ ተፈልጎ 100,000 ገጽ ያለውም እንዲሁ 10 ያገኛል። ሁለቱ ግን ፈጽሞ አንድ ዓይነት ገበያ አይደሉም። ከዚያም በላይ ቀመሩ የገጾቹን ብዛት እንጂ ጉልበታቸውን አያይም። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት አንድን ገጽ የሚመዝነው ሌሎች ገጾች ወደ እርሱ በሚያደርጉት ማያያዣ ነበር። ጉግል በዚህ መንገድ ሲደረድር መቶ ሺህ ደካማ ገጽ ዋጋ የለውም፤ ትርጉም ያለው ፍልሚያ የሚካሄደው በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሚወጡት አሥር ያህል ውጤቶች መካከል ነው። ከዚያ ወዲህ ጥሩ መዛኝ የሚባለው አሥሩን አንድ በአንድ ከፍቶ የባለቤቶቹን ማንነትና ዕድሜ፣ የመልሳቸውን ጥራት የሚያነብ ሰው ሆነ።

የጠባብ ገበያ ድረ ገጽ ራሱን የቻለ ንግድ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ጉግል አድሴንስን ሲጀምር ነው። ማንም ሰው ጥቂት ገጽ ጽፎ ማስታወቂያ ለጥፎ ከጠቅታው ድርሻ ያገኝ ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ክሪስ አንደርሰን በዋየርድ መጽሔት ላይ፣ ተፈላጊነታቸው ጥቂት የሆነ ብዙ ነገሮች ሲደመሩ ከዝነኞቹ ጥቂቶች ጋር የሚስተካከል ገበያ እንደሚፈጥሩ ጻፈ፤ ሐሳቡ ለሙያው እንደ መመሪያ ተቆጠረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስለማያውቁት ነገር ቃል እየለቀሙ መጻፍ ያዙ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ደረጃ አሰጣጡን ሲያሻሽል፣ ለቃሉ ብለው ብቻ የተጻፉትንና የድረ ገጽ ስማቸውን በቃሉ የሰየሙትን ከላይ አወረዳቸው። የአማርኛ ድረ ገጽ በብዛት መጻፍ የጀመረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። አማርኛ ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ በጊዜ ሂደት ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝን የመሰሉ ሶፍትዌሮች በየቢሮው ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ገቡ። እንቅፋቱ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የግእዝን ፊደል ለላቲን በተመደበው ቁጥር ላይ በራሱ ቅደም ተከተል ማስቀመጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆናል። ድረ ገጽ አዘጋጆች ጽሑፉን ወይ በሥዕል መልክ ይለጥፉታል፣ ወይ አንባቢው አስቀድሞ ፎንት እንዲያወርድ ይጠይቃሉ። መፈለጊያ ግን ፎንት አያወርድም። በነዚያ ዓመታት «ማሽላ» ብሎ የፈለገ ሰው ምንም ባያገኝ፣ ስለ ማሽላ የተጻፈ የለም ማለት አልነበረም፤ የተጻፈው ለመፈለጊያው የማይነበብ ሆኖ ነው። የመጀመሪያው ባዶነት ይህ ነው።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው። የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል አስገባ፤ 345 ምልክቶች እያንዳንዳቸው በዓለም ላይ የማይደገም ቁጥር አገኙ። ነገር ግን ደረጃው ወጣ ማለት በየቤቱ ደረሰ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ የግእዝ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ከራሱ ጋር ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ቪስታ ነው፤ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዚያ ጀምሮ ይታወቃል። እስከዚያና ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር፤ ስልክ ላይ ዛሬም የሚጽፍ አለ። ከመዛኙ አንጻር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ የአማርኛ ጥያቄ በግእዝ፣ በላቲን ፊደልና በእንግሊዝኛ ቃል ተበትኖ ሦስት ቦታ ይቆጠራል።

መበተኑ በፊደል ዓይነት አያበቃም። አማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በድምፅ አይለይም፤ ጸሐፊው እንደለመደው ይጽፋል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛው በግእዝም በራብዕም ስለሚጻፍ በስድስት መንገድ ይመጣል፤ በድምሩ 12 አጻጻፍ። ለሰሜን ወሎ ስሞችም ይኸው ነው፦ ወልዲያና ወልድያ፣ ሀብሩና ሐብሩ፣ መርሳና መርሣ፣ ሲሪንቃ፣ ስሪንቃና ሲሪንካ። በዚህ ላይ ቃሉ ከፊትና ከኋላ ይለብሳል፤ ከማሽላ፣ ለማሽላው፣ የማሽላችንን። ሁሉንም አንድ አድርጎ የማያነብ መሣሪያ የቃሉን ተፈላጊነት ከፋፍሎ እያሳነሰ ያሳያል፤ የተፎካካሪውንም ብዛት እንዲሁ።

ችግሩን አስቀድመው ያዩት የመረጃ ሳይንስ ተመራማሪዎች ናቸው። ነጋ ዓለማየሁ ከሼፊልድ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ዊሌት ጋር፣ የአማርኛን ቃል ከቅጥያው አላቅቆ ወደ ግንዱ የሚመልስ ስልት ለመረጃ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተሰማ ምንዳዬና ሰሎሞን አጥናፉ እ.ኤ.አ. በ2009 የአማርኛ መፈለጊያ ንድፍና አሠራር አቀረቡ፤ ሞክሼ፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆነ፣ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣትም ከሥራቸው አንዱ ነበር። ማይክል ጋሰር በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሆርንሞርፎ አማርኛን፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን በቅርጽ ይተነትናል። እነዚህ ሥራዎች በዩኒቨርሲቲ ግድግዳ ውስጥ ባይቀሩ ኖሮ የአማርኛ ቁልፍ ቃል ምዘና ዛሬ ከግምት በተሻለ ነበር። ዓለም አቀፎቹ የቃል መቁጠሪያ መሣሪያዎች ግን የተሠሩት በሌላ ቋንቋ ልክ ነው።

ሁለተኛው ባዶነት የሰው ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛና ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ድረ ገጾች አንባቢ በአብዛኛው ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ስቶክሆልም ነበር። ዝነኞቹም ዜናና ፖለቲካ ላይ ሰፈሩ። ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብሎግስፖትን ጨምሮ በርካታ ገጾች በአገር ውስጥ ተዘጉ፤ 264 የሚሆኑት የተከፈቱት በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። የዜናው መስክ በውጭ ተጨናንቆ በአገር ውስጥ ተቋርጦ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። አድሴንስም ለብዙ ዓመታት አማርኛን ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ሳያስገባ ቆየ። በእንግሊዝኛ ሙያውን የወለደው የማስታወቂያ ገቢ በአማርኛ ስለሌለ፣ ቃል ለቅሞ የሚጽፍ ነጋዴም አልመጣም። ውድድር ያልነበረው ሽልማት ስላልነበረ ነው።

በዚህ መሀል ገንዘብ ያገኙት ምርጫቸው የተለየ ነበር። ኢትዮጆብስ የሥራ ማስታወቂያን፣ ቱመርካቶ ጨረታንና የንግድ መረጃን ያዙ። ሁለቱም የሚጽፉት በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምክንያቱም የቅጥርና የጨረታ ማስታወቂያ በብዙ የኢትዮጵያ ድርጅቶች ዘንድ በእንግሊዝኛ ይወጣል፣ ፈላጊውም በዚያው ቃል ይፈልጋል። ገቢያቸውም ከጠቅታ ሳይሆን ማስታወቂያውን ከሚያወጣው ቀጣሪ ወይም መረጃውን ከሚገዛው ተጫራች ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ፣ የገንዘቡን፣ ከሌሎቹ አስቀድሞ የመለሰ አመራረጥ ነው። በተቃራኒው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚፈለግበት ቃል በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ መልሱን የያዘው ግን አንድ መንግሥታዊ ተቋም ብቻ ስለሆነ ሌላው ገጽ ሁሉ ቢበዛ ወሬ አቀባይ ነው። የፍለጋው ቁጥር ከፍ ብሎ ጥቅሙ ዝቅ የሚልበት እንዲህ ያለ ቃል ጀማሪን በቀላሉ ያታልላል።

ሲሪንቃ ለዚህ ታሪክ ጥሩ መፈተኛ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልዲያ መካከል ትገኛለች፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ። በአገር የምትታወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፤ ማዕከሉ ባሕር ዳር ላለው የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ተጠሪ ሲሆን፣ ቆቦን፣ ጃሪንና ጨፋን በመሰሉ ጣቢያዎች ማሽላና ጤፍ፣ ጥራጥሬም ሲፈትሽ ኖሯል።

በአንድ ጎዳና ላይ የተደረደሩት ሦስቱ ስሞች በፍለጋ ገበያ ሦስት የተለያየ ዕጣ አላቸው። «ወልዲያ» በኃያላን የተያዘ ቃል ነው። በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ዩኒቨርሲቲ፣ የእግር ኳስ ክለቡ፣ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስታዲየም፣ ከሰሜኑ ጦርነት ዓመታት የቀረው ዜና ሁሉ በዚያ ስም ላይ ተደራርበዋል። አዲስ ገጽ በወልዲያ ስም ብቻ ቦታ ያገኛል ማለት ዘበት ነው። «መርሳ» በግእዝ ሲጻፍ ቀለል ይላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ከግብፁ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከመርሳ ማትሩህና ከመሰሎቿ ጋር ይደባለቃል፣ ቱሪዝም የሚሸጡት ገጾችም ይውጡታል። «ሲሪንቃ» ሌላ ቦታ የማይጋራው ስም ነው። ባለቤቱ ግን አለው፤ ስሙ የምርምር ማዕከሉ ስም ሆኖ በሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ በብዛት ይገኛል። ጽሑፎቹ ስለ ሲሪንቃ ናቸው፣ ቋንቋቸው ግን እንግሊዝኛ ነው፣ አንባቢያቸውም አራሹ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ የተሞላ ቢመስልም የአማርኛው ጥያቄ መልስ አላገኘም። የቁጥር መሣሪያ ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው አሥሩን ከፍቶ ማንበብ ብቻ ነው።

የበለጠው ትምህርት ያለው በዝርያዎቹ ስም ላይ ነው። የማሽላ ዋነኛ ጠላት አቀንጭራ ነው፤ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ምግቡን የሚመጠው አረም። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ከፐርዱ የመጡት ሁለት ዝርያዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሲለቀቁ ጎብዬና አብሽር ተባሉ። ሲሪንቃ ራሷም ሆርማትን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ግራና 1ን፣ ምስክርንና ራያን ለቀቀች። ስም ሲወጣላቸው መፈለጊያን ያሰበ አልነበረም። ጎብዬ በራያ ቆቦ ያለች ከተማ ናት፤ ግራና በሀብሩ ያለ ሥፍራ ነው፤ ራያ ሕዝብም አገርም ነው፤ የጁ የተባለው ሌላው ማሽላ ደግሞ ስሙን የሚጋራው በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ነገሥታት ስም ካስተዳደረ ሥርወ መንግሥት ጋር ነው፤ ምስክር የችሎት ቃል ነው። «የጁ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ዘር ከሚያገኝ ይልቅ ከየጁ ገዢዎች አንዱን፣ ራስ ዓሊን ያገኛል። ማሾም እንዲሁ ጥራጥሬም ነው፣ ጋዝ የሚነድበት መብራትም ነው።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ነጥብ ቀላል ነው። ብቻውን የቆመ ስም ከታሪክና ከፖለቲካ ጋር ይላተማል፤ «የማሽላ ዘር ግራና»፣ «አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ» የመሰለ ሐረግ ግን ተፎካካሪውን ይጥላል። የሐረጉ ፈላጊ ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን የሚፈልገውን ያወቀ ነው። ሌላው የቃል ምርጫ የአራሹና የባለሙያው ቋንቋ ልዩነት ነው። በሪፖርት ላይ ስትራይጋ የሚባለው በማሳ ላይ አቀንጭራ ነው። በ2009 ዓ.ም. የገባው ተባይ በሰነዱ ረጅም የውጭ ስም ይዞ ሲመጣ፣ ገበሬው ግን ቀድሞ ለሚያውቀው ተመሳሳይ ተባይ የሚሰጠውን ስም ሰጥቶት ተምች አለው። በባለሙያው ቃል የተጻፈ ገጽ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ይፎካከራል፤ በአራሹ ቃል የተጻፈው መስኩን ብቻውን ሊያገኘው ይችላል። የተባይ ቃል ግን ወቅታዊ ነው፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ራያንና ሀብሩን ሲወርር ቃሉ ተፈላጊ ሆነ፣ መንጋው ሲያልፍ ፍለጋውም አለፈ። በአንድ መኸር ፍለጋ ላይ የተመሠረተ ምዘና ለሚቀጥለው ዓመት አይሠራም።

በሲሪንቃ ስም ለአራሹ የሚጽፍ ድረ ገጽ ቢከፈት ትክክለኛ ተፎካካሪው ድረ ገጽ ላይሆን ይችላል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው 8028 የስልክ መስመር፣ ማንበብ ለማይችለውም ጭምር፣ ቁጥር እየተነካ ስለ ሰብሉ ምክር በድምፅ የሚሰማበት ነው። ተጠቃሚው ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ጥሪውም ነጻ ነው። በፍለጋ መሣሪያ ላይ 8028 እንደ ተፎካካሪ አይታይም፤ የገበሬውን ጥያቄ ግን ገና ጉግል ጋ ሳይደርስ ይመልሰዋል። የመርሳ የእርሻ ግብዓት ሱቅና የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛም እንደዚያው ናቸው። በዚህ ምክንያት የሲሪንቃ ድረ ገጽ እውነተኛ አንባቢ ምናልባት አራሹ ራሱ ሳይሆን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ በመርሳ ግብርና የሚማረው ተማሪ፣ ዘር አባዥ ማኅበሩና ከተማ ያለው የገበሬ ልጅ ነው። ገበያ መምረጥ ማለት በዚህ ቦታ ቃሉን ከመምረጥ በፊት ፈላጊውን መለየት ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የባዶነቱ ምክንያት እንደገና ተቀየረ። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ገበያውን ተቀላቀለ። ብዙኃኑ አዲስ አንባቢ ግን በብሮውዘር አልመጣም። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በዩቲዩብ መጣ። የአማርኛው ጽሑፍም ተከተለው። በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈ የዘር ዋጋ፣ በፌስቡክ ቡድን የተመለሰ የአቀንጭራ ጥያቄ በጉግል ውጤት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም። ስለዚህ በጉግል ላይ ጭው ያለ የመሰለ ቃል በቴሌግራም ውስጥ የተጨናነቀ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ ጉግልን ብቻ አይቶ «ውድድር የለም» የሚል መዛኝ ግማሹን ገበያ ሳያይ የወሰነ ነው። በጎ ጎንም አለ፤ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው መልስ በሳምንት ውስጥ ተቀብሮ ይረሳል፣ ድረ ገጽ ላይ የተጻፈው ግን ተፈልጎ ይገኛል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ከማስታወቂያ ውጭ፣ ከአንባቢው በቀጥታ መቀበል የሚቻልበት መንገድ ሰፋ፤ ለሦስተኛው ጥያቄ በአማርኛ ከሚገኙት ተጨባጭ መልሶች አንዱ ይህ ነው።

ሰሜን ወሎ ላይ የፍለጋውን ቁጥር ያበላሸው ሌላ ነገር ነው። በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልዲያ ደረሰ፤ ከተማዋና አካባቢዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበሩ። ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ የሲሪንቃ ምርምር ማዕከልም ዘረፋና ውድመት ደረሰበት። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል አዲስ ግጭት ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተዘጋ፤ በብዙ ቦታ ከአሥር ወር በላይ ቆየ። ጉግል ትሬንድስ ተፈላጊነትን የሚያሳየው በብዛት ሳይሆን ከ0 እስከ 100 በሚደርስ ንጽጽር ነው፤ ከተወሰነ መጠን በታች የወረደን ሁሉ 0 ይለዋል። በእነዚህ ዓመታት ከሰሜን ወሎ የሚነሳ መስመር ዜሮ ላይ ቢተኛ የፈላጊ ማጣት ሳይሆን የመስመር ማጣት ነው። የወሎን ገበያ በነዚያ ዓመታት ቁጥር የሚመዝን ሰው፣ ገበያው በተዘጋበት ሳምንት መጥቶ «እዚህ ገዢ የለም» ብሎ የሚመለስ ነው።

የመጨረሻው ለውጥ ተፎካካሪው ሰው አለመሆኑ ነው። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በማሽን የተተረጎሙ የአማርኛ ገጾች በገፍ መጥተዋል። አማርኛ ዊኪፒዲያ በሰው እጅ የሰበሰበው 15 ሺህ ያህል መጣጥፍ ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በልጧል፤ በዚህ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው በአብዛኛው ትርጉም ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ በአሜሪካ በማሽን የተቀናበረ መልስ ከውጤቶቹ በላይ ያወጣ ጀመር፤ አንባቢው መልሱን አይቶ ገጹን ሳይከፍት ሊመለስ ይችላል። ማሽኑ ግን መልስ የሚያቀናብረው ከተጻፈው ነው። ስለ ማሽላ በጠቅላላው ብዙ ተጽፏል። ዘንድሮ ሀብሩ ውስጥ የትኛው ዝርያ ዘሩ እንደሚገኝና ግራና 1 በየትኛው ቀበሌ እንዴት እንደሆነ ግን በአማርኛ በቅጡ የተጻፈበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የሲሪንቃን ስም ይዞ ለሚነሳ ድረ ገጽ የሚያዋጣው ይህ ነው፤ «ማሽላ» የሚለውን ሰፊ ቃልም ሆነ «ወልዲያ» የሚለውን የተያዘ ስም መመኘት አያዋጣም።